በቀለ የቤተሰብ ስም አይደለም፦ «የበቀለ ቤተሰብ አመጣጥ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ «በቀለ ቤተሰብ» አመጣጥ፣ ትርጉምና ስርጭት የሚያትት አንድ ጽሑፍ ብዙዎች ሲቀባበሉት ሰንብተዋል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በቀለ ጥንታዊ የአማራ ቤተሰብ ስም ነው፤ ቃሉ ከቂም በቀል ጋር ስለሚዛመድ የቤተሰቡ መሥራች ደም የመለሰ ጦረኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘሮቹ ከአርሲ እስከ ቤልጅግና ቱርክ ተበትነው በሩጫ ስመ ጥር ሆነዋል፤ ስሙን የያዙት ሰዎች ብዛት ቤተሰቡን ከኢትዮጵያ ታላላቅ ቤተሰቦች ተርታ ያሰልፈዋል፤ ሴቶችም ወደ ቤተሰቡ ሲያገቡ ስሙን ይወስዳሉ። በመጨረሻም አንባቢው በዚህ ስም ፈልጎ የዘር ሐረጉን እንዲያገኝ፣ አንበሳ የተሣለበትን «የበቀለ ጋሻ»ም በቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅል ይመክራሉ።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ እገምታለሁ። ውጭ አገር ተወልዶ በመታወቂያው መጨረሻ ላይ «በቀለ» የሚል ስም የሰፈረለት ወጣት ስሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የአውሮፓ የቤተሰብ ስሞች የሚጠኑበትን ሥርዓት እንዳለ ወስደው በእኛ ስም ላይ ስለጫኑት፣ የሰጧቸው መልሶች ተራ በተራ ተሳስተዋል።

ሌሎቹን ሁሉ የወለደው ስሕተት በቀለን የቤተሰብ ስም ማለታቸው ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በኤርትራ የብዙኃኑ ልማድ ሰው በራሱ ስም እንዲጠራ፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ሲያስፈልግም የአያቱ ስም እንዲታከልለት ነው። በቀለ ወልዴ የሚባል ሰው ልጁን ተስፋዬ ብሎ ቢሰይመው ልጁ ተስፋዬ በቀለ ይባላል፤ ተስፋዬ ደግሞ ዳዊትን ቢወልድ የልጅ ልጁ ዳዊት ተስፋዬ ይሆናል። በቀለ የሚለው ስም በዳዊት ፓስፖርት ላይ በአያት ስምነት ይገኝ ይሆናል፤ በዳዊት ልጆች ላይ ግን ፈጽሞ የለም። ስሙ በአንድ ሰው ይጀምራል፣ በልጆቹ ላይ ያርፋል፣ በልጅ ልጆቹ ዘመን ወደ ሦስተኛው ቦታ ፈቀቅ ይልና ይሰናበታል። ስለዚህ «የበቀለ ቤተሰብ መቼ ተመሠረተ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው አንድን በቀለ ለይቶ ይዞ ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ መልሱም «እኒያ በቀለ ጎጆ የወጡበት ዓመት» ከሚለው አያልፍም።

የምንጠራራበት ወግም ይህንኑ ያረጋግጣል። አቶ ተስፋዬ በቀለ «አቶ ተስፋዬ» እንጂ «አቶ በቀለ» አይባሉም፤ «አቶ በቀለ» ከተባለ የተጠሩት አባትየው ናቸው። የታሪክ ሊቃውንቱን የታደሰ ታምራትንና የባሕሩ ዘውዴን ሥራዎች በኢትዮጵያ ጥናት መዘርዝሮች ውስጥ የሚፈልግ ሰው በ«ታደሰ»ና በ«ባሕሩ» ተራ ይፈልጋቸዋል እንጂ በ«ታምራት»ና በ«ዘውዴ» ተራ አይፈልጋቸውም። የውጭ ዜና አቅራቢዎች ኃይሌን ለዓመታት «ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ሥላሴ» እያሉ ሲያሞግሱት፣ በእኛ ጆሮ ውድድሩን ያሸነፉት አባቱ ይመስሉ ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊሟገቱበት ይችሉ የነበረ፣ ነገር ግን ያላነሡት አንድ ማስረጃ አለ፤ ክርክሩ ሙሉ እንዲሆን እኔው ላንሣላቸው። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማንኛውም ሰው ከተጸውኦ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ ስም እንዲኖር አስቦ እንደነበር ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ማምጣት አይቻልም። ሕዝቡ ግን ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ትምህርት ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ፍርድ ቤቱም ሰውን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መመዝገባቸውን ቀጠሉ። ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አስገድዳ ስታስፈጽም፣ የእኛው ድንጋጌ ወረቀት ላይ ቀረ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም ከሕግ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል፤ ከኑሮው ውስጥ ግን አይገኝም።

«የቤተሰብ ስም ከሌለ ዘር እንዴት ይታወቃል?» የሚል ጥያቄ ከጽሑፉ መስመሮች መካከል ይነበባል። በብዙ አካባቢዎቻችን ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እየተባለ በቃል የሚወርደው ይህ ቆጠራ በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄዳል፤ ከሁለት አንዱ መስመር ላይ ተጋቢዎቹ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። የቤተሰብ ስም የሚከተለው አንዱን መስመር፣ ያውም በአብዛኛው የአባትን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት የእኅትማማች ልጆችን ዘመድነት ሊናገር አይችልም። የሰባት ቤት ቆጠራ ግን ይናገራል። የቤተሰብ ስም አለመኖሩን ጸሐፊው እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊሞሉት መነሣታቸው ይህን ሥርዓት ከነጭራሹ ካለማየት የመጣ ነው።

ወደ ትርጉሙ ልሻገር። ጸሐፊው «በቀለ»ን ከ«ቂም በቀል» ጋር አዛመዱና ከዚያ ተነሥተው የሌለ ጦረኛ ፈጠሩ። በዛሬው አማርኛ ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚጻፉ መምታታቱ ይገባኛል። በግእዝ ግን ሥረ ቃላቸው ለየብቻ ነው፤ ለዕፅዋት የሚነገረው በቈለ ሲሆን የሚጻፈው በቈ ነው፤ ደም መመለስን የሚናገረው ተበቀለ ደግሞ በተራው ቀ ይጻፋል። አማርኛ ይህን ልዩነት ስላጠፋው ሁለቱ መንትያ መሰሉ። ግእዝ የማያውቅ ሰው እንኳ ከአማርኛው አነጋገር ብቻ ሊለያቸው ይችላል፦ ሰው ጠላቱን «ተበቀለ» ይባላል እንጂ «በቀለ» አይባልም፤ «በቀለ» የሚባለው እህል፣ ሣር፣ ጥርስና ጢም ነው። የስሙ ባለቤት ጦረኛ ቢሆን ኖሮ ስሙ «ተበቀለ» መሆን ነበረበት፤ እንዲህ የሚባል ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም።

ከዚሁ ሥር ቡቃያ ወጥቷል፤ ብቅልም ወጥቷል። ጠላ ጠማቂዎች ብቅል ሲያዘጋጁ ገብሱን በውኃ ይነክሩና ካጠለሉት በኋላ በቅጠል ሸፍነው ያስቀምጡታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲገልጡት እያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ጭራ አውጥቶ ጎንቁሏል፣ ጭራዎቹም እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ገብሱ እንደ ምንጣፍ በአንድነት ይነሣል። ከዚያ ይፈለፈልና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ጭራው ካልወጣ እህሉ ሞቷል ማለት ነውና ያ ገብስ ለብቅል አይሆንም። ስሙ የሚናገረውም ይህንኑ ነው፦ የተዘራው አልመከነም፣ ወጣ። ልጅ ዘግይቶ የተወለደላቸው ወይም ፊተኞቹ የሞቱባቸው ወላጆች እንዲህ ያለ ስም ቢያወጡ የሚያስገርም አይደለም፤ በደስታ ብቻ ያወጡትም ብዙ ናቸው።

ስሙን ብቻውን ነጥሎ ከመመርመር ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር አሰልፎ ማየት ይሻል ነበር። ለማ፣ አበበ፣ ታደሰ፣ ፈለቀ፣ አዝመራው፣ ፍሬው፤ በሴቶቹም በኩል በቀለች፣ አበበች፣ ለምለም፤ ሁሉም የማሳና የምንጭ ስሞች ናቸው፤ በቀለም ቦታው ከእነዚሁ መካከል ነው። ጦርነትና ኃይል የሚሸትት ስም የሚፈልግ ሰው አላጣም፤ በላቸው፣ ደምሴ፣ አሸብር የሚሉ ስሞች ሞልተዋል። የላቲኑ አጻጻፍም ጥፋት አለበት፤ ቀ እና ከ በዚያ ፊደል አንድ ስለሚሆኑ፣ ስሙን በፈረንጅኛ አጻጻፉ ብቻ የሚያውቅ ሌላ ጸሐፊ ደግሞ ነገ ከ«በከለ» ጋር ሊያዛምደውና አካባቢ ብክለት ውስጥ ሊከተን ይችላል። ጸሐፊያችን እዚያ ባለመድረሳቸው ምስጋና ይገባቸዋል።

«የአማራ ቤተሰብ» መባሉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስሙ አማርኛ ነው፤ ስሙን የሚያወጡት ሰዎች ግን ከአንድ ብሔረሰብ ብቻ አይደሉም። ጸሐፊው ራሳቸው በምሳሌነት የጠቀሱት የቀነኒሳ አባት የአርሲ ሰው ናቸው። እንዲያውም ኦሮምኛ ለዚሁ ሐሳብ የራሱ ስም አለው፤ ቢቂላ የሚለው ስም ትርጉሙ ያው መብቀል ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ያሸነፈው የአበበ ቢቂላ ስም አንዱ ወገን በአማርኛ ያብባል፣ ሌላው ወገን በኦሮምኛ ይበቅላል። ስም በአገሪቱ ቋንቋዎች መካከል እንዲህ እየተሻገረ በኖረበት ሁኔታ፣ ከስም ተነሥቶ የሰውን ወገን መናገር ለስሕተት ይዳርጋል።

ጽሑፉ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለአትሌቶቹ ነው፤ እኔም ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጸሐፊው ቀነኒሳ በቀለን፣ ታሪኩ በቀለን፣ ብዙነሽ በቀለንና አለሚቱ በቀለን አንድ ላይ ሰብስበው «የበቀለ ሥርወ መንግሥት» ብለዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወንድማማቾቹ ቀነኒሳና ታሪኩ ብቻ ናቸው። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ሲሆኑ ቀነኒሳ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዷል፤ ታሪኩም በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በዚያው ርቀት ነሐስ አግኝቷል። አባታቸው አንድ ስለሆኑ የአባት ስማቸው አንድ ነው። ብዙነሽ ግን የአዲስ ዓለም ልጅ ናት፤ አያቷም ሰርጹ ይባላሉ እንጂ እንደ ወንድማማቾቹ አያት በየቻ አይባሉም። በ2009 እ.ኤ.አ. የዱባይን ማራቶን ያሸነፈችው ይህች ብዙነሽ በቀለ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን ዝነኛ ከነበረችው ድምፃዊት ከብዙነሽ በቀለ ጋር እስከ አባት ድረስ በስም አንድ መሆኗን ጸሐፊው ቢያስተውሉ ኖሮ፣ በዚህ አካሄዳቸው ድምፃዊቷንም ከቤተሰቡ ማኅደር ውስጥ ባስገቧት ነበር።

የአለሚቱ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጸሐፊው አለሚቱ በቀለ «መጀመሪያ ለቤልጅግ፣ በኋላ ለቱርክ ሮጠች» ብለው አንዲት ሴት አድርገዋታል። ሁለት ሴቶች ናቸው። ለቱርክ የሮጠችው አለሚቱ በቀለ ደግፋ ናት፤ ለቤልጅግ የሮጠችው አለሚቱ በቀለ አጋ። ሁለቱም የተወለዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም የረጅም ርቀት ሯጮች ናቸው፤ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የሚለያቸው የአያት ስም ብቻ ነው። የአያት ስም በእኛ ዘንድ የሚሠራው ሥራ ይኸው ሲሆን፣ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ደግፋና አጋን ሁለት ቤተሰብ፣ በቀለን የመካከል ስም ሊያደርግ ነው። ጸሐፊው በአንዱ አትሌት ላይ የአባቱን፣ በሌላው ላይ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ለማድረግ የሚያስችል ወጥ መለኪያ የላቸውም።

ስለ ብዛቱ የቀረበው ክርክር በመጀመሪያ እይታ ጠንካራ ይመስላል። ጸሐፊው ከየመዝገቡ የመጨረሻውን ስም እየለቀሙ በቀለ የሚለውን ቈጥረው ታላቅ ቤተሰብ አገኙ። የቆጠሩት ግን ምንን ነው? በአገሪቱ የታወቀ የሆቴል ባለቤት የነበሩት በቀለ ሞላ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም፤ አርበኛው ደጃዝማች በቀለ ወያም አይገቡም፤ ስማቸው ሞላና ወያ ተብሎ ተመዝግቧልና። በቀለ ተብለው የተሰየሙት ሰዎች በሙሉ ከቆጠራው ውጭ ይቀራሉ፤ የሚቆጠሩት ልጆቻቸው ናቸው። ስምንት የወለደ በቀለ ስምንት ጊዜ ይገባል፣ ያልወለደ በቀለ አንድም ጊዜ አይገባም። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚነግረን ከአንድ ትውልድ በፊት በቀለ የሚለው ስም ምን ያህል ይወጣ እንደነበረ ነው እንጂ የአንድ ቤተሰብን ስፋት አይደለም።

ይህ ራሱ መጥፎ እውቀት አይደለም፤ ጸሐፊው በዚህ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ አንባቢ አንድ ነገር ያተርፍ ነበር። አበበ፣ ከበደ፣ በቀለና ታደሰ ከአፍ የማይወርዱ የሆኑት የዛሬዎቹ አያቶች በተወለዱበት ዘመን ነው፤ «አበበ በሶ በላ» እያለ ፊደል የለየው ትውልድም ያደገው እነዚህ ስሞች በየክፍሉ በሞሉበት ወቅት ነበር። ዛሬ ከተማ ውስጥ ለሚወለድ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚወጣው እንደ ናትናኤልና ኤፍራታ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ፣ ወይም እንደ ሶልያና ያለ ስም ነው። የአባት ስም የልጅን ስም የሚከተለው በአንድ ትውልድ ዘግይቶ ስለሆነ፣ በቀለ በሁለተኛው ቦታ ላይ ገና ብዙ ሆኖ ይታያል፤ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ግን ከወዲሁ ሳስቷል። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የሚቆጥር ሰው «ታላቁ የበቀለ ቤተሰብ ምን አጠፋው?» ብሎ ሌላ ጽሑፍ ሊጽፍ ነው።

ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች የተባለው በአገር ቤት ልማድ ሐሰት ነው። እቴጌ ጣይቱ እስከ መጨረሻው ጣይቱ ብጡል ነበሩ፤ እቴጌ መነንም መነን አስፋው። ዘውድ ደፍተው ያልለወጡትን ስም ሌላዋ ሙሽራ የምትለውጥበት ምክንያት የለም። በእኛ ዘመንም ጥሩነሽ ዲባባ ስለሺ ስህንን አግብታ ዲባባነቷ አልተነካም፤ የአባት ስም ማን እንደወለደሽ የሚናገር እንጂ ከማን ጋር እንደምትኖሪ የሚናገር አይደለምና።

ጋሻውን በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፈዋለሁ። በኢትዮጵያ አንበሳው የዘውዱ ምልክት ነበር፤ ከአባት ስም ጋር አብሮ የሚወረስ የቤተሰብ ዓርማ የማውጣት ልማድ አልነበረም፤ መኳንንቱም የሚታወቁት እንደ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እና እንደ ተፈሪ «አባ ጠቅል» በየግላቸው በሚይዙት የፈረስ ስም ነበር። የሚሸጠው ጋሻ ግድግዳ ያሳምር ይሆናል፣ ታሪክ ግን አይደለም።

ጸሐፊው በከፊል ትክክል የሚሆኑበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ውጭ አገር ነው። አሜሪካ የገባ ተስፋዬ በቀለ ቅጽ ሲሞላ በመጨረሻው ስም ቦታ በቀለ ይጽፋል፤ እዚያ የተወለደው ልጁ ዳዊትም ዳዊት በቀለ ተብሎ ይመዘገባል፤ የዳዊት ልጆችም በቀለን ይዘው ይቀጥላሉ። አንድ የአያት ስም ከሁለት ትውልድ በኋላ በእርግጥ የቤተሰብ ስም ይሆናል ማለት ነው። ዘ ዊክንድ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ አባቱ መኮንን ስለሆኑ አገር ቤት ቢወለድ አቤል መኮንን ይባል ነበር፤ ካናዳ ግን በአያቱ ስም አወቀችው። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንም የቤተሰብ ስም በግድ ሲጠየቁ የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም በዚያ ቦታ ተመዝግቦላቸዋል። የዚህ አሠራር ውጤት ግን ጸሐፊው እንዳሰቡት አንድነት አይደለም፤ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም በቅጹ ላይ ከሞላ፣ ልጆቻቸው በሕግ ፊት ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው የአጎት ልጆች ይሆናሉ፤ ከእነሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ በቀለ ደግሞ የስም ተጋሪያቸው ሆኖ ይቀመጣል።

ስለዚህ «በስሙ ፈልጉ» የሚለው ምክር በውጭ አገር ላለው ወጣት እንኳ አይረባውም። ፍለጋውን ከበቀለ መጀመር የሚቻለው በቀለ የማን ልጅ እንደነበሩ፣ በየትኛው ወረዳና ደብር አጥቢያ እንደተወለዱ፣ እናታቸው ማን እንደሚባሉ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ይህንን ደግሞ የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ ዘመዶች እንጂ የስም መዘርዝሮች አይደሉም። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ከሆነ ተጨማሪ አንድ ጥያቄ ይኖራል። በቤተ ክርስቲያን የቆረቡትና ፍትሐት የተደረገላቸው በክርስትና ስማቸው ስለሆነ፣ የአጥቢያው ካህናት ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም እያሉ ሲጠሯቸው የኖሩትን አያት በቀለ ብሎ የሚጠይቃቸው እንግዳ ቢመጣ ማንን እንደሚፈልግ ላይገባቸው ይችላል፤ ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች የክርስትና ስሙንም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።